የጣና መንገዶች ለማን ተሠሩ?

ጣናን የምናውቀው በጀልባ ነው። ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ወደቡ ይወርዳል፣ ጀልባ ይኮናተራል፣ ዘጌ ደርሶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያል፣ ማታ ዓሣውን በልቶ ይተኛል። በማግሥቱ ጢስ ዓባይ ደርሶ ይመለሳል፤ አለቀ። የሐይቁም ታሪክ እንዲሁ በጀልባ ነው የሚነገረው፦ ደሴት፣ ገዳም፣ ብራና፣ ዘውድ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ክብርም ነው። ግን ግማሹ ነው። ጣናን በመኪና የዞረ ሰው ከጀልባ ላይ የማይታይ ሌላ ታሪክ ያገኛል፤ እሱም የመንገዱ የራሱ ታሪክ ነው።

ከባሕር ዳር የሚወጣው እያንዳንዱ መንገድ ጉዳይ ነበረው። አንዱ ለመድፍ ተጠረገ፣ አንዱን ወራሪ ጦር ገፋው፣ አንዱ ለግድብ ሲባል ታሰበ፣ አንዱ ወደ መብራት ማመንጫ አመራ። ሐይቁን ለማየት ተብሎ የተሠራ መንገድ ማግኘት ይቸግራል። በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ገበሬ ተብሎ የተሠራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መንገዱ በሄደበት ከተማ በቀለ፤ መንገዱ በራቀበት የቆየ ከተማ መንደር ሆነ። ይህን ካላየን ነገ የምንሠራውን መንገድ ለማን እንደምንሠራም አናውቅም።

(ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

*መጀመሪያ ሐይቁ ራሱ መንገድ ነበር*

መኪና ከመምጣቱ በፊት በጣና ዙሪያ ዋናው መንገድ ውሃው ነበር። መጓጓዣው ታንኳ፣ የታንኳው ባለሙያም ነገደ ወይጦ። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ያስራሉ፤ ቡናው፣ እህሉ፣ እንጨቱ፣ መነኩሴው፣ ወታደሩ ሁሉም በዚያ ይሻገራል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በክረምት የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት በእግር ዞሮ መሄድ መከራ ነው፤ ቀዝፎ መሻገር ይቀላል።

በዚያ ዘመን የአካባቢው ካርታ ከዛሬው የተለየ ነበር። በሰሜኑ ዳር ጎርጎራ አለች፤ ዐፄ ሱስንዮስ ከተማቸውን የቆረቆሩባት፣ ካቶሊኮቹ ኢየሱሳውያን በድንጋይና በኖራ የገነቡባት። በምዕራቡ ዳር ዘጌ አለች፤ የቡና ጫካ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆራርጠው ተክለው ቡና በቀለ ይላል የአገሩ ሰው። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የተረፈው በዚህ ሥርዓት ነው። በምሥራቁ ዳር ደግሞ ቆራጣ አለች።

ቆራጣን ዛሬ ስንቱ ሰው ያውቃታል? የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አገር ናት። ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲገቡ እምቢ ብላ ባሏንና ቤተ መንግሥቱን ትታ የወጣችው ሴት ገዳም እዚያ ነው። ከተማዋም የካህናትና የነጋዴ ከተማ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ሲመጣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቆራጣ እንዲቀመጥ አደረጉት፤ እሳቸው ሐይቁ ማዶ ዘጌ ሰፈሩ። በሁለቱ መካከል የነበረው መንገድ ውሃው ነው፤ የሚያገናኘውም ታንኳ። በዚያው ዓመት ኮሌራ ገባና ቆራጣንም የዘጌውንም ሰፈር አጠቃ።

ባሕር ዳርስ? በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። ዛሬ ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ሆና ቆራጣ ከዋናው አስፋልት ወደ ሐይቁ ተገንጥሎ የሚኬድባት መንደር ናት። ሐይቁ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው መንገዱ ነው።

*የምሥራቁ መንገድ፦ የመድፉ*

ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ዓባይን ትሻገራላችሁ። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ አጠገብ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ አለ፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ መንገዱን የሚጀምረው እዚያው ነው። ከድልድዩ መሐል ወደ ግራ ብትመለከቱ ሐይቁ፣ ወደ ቀኝ ብትመለከቱ እስከ ግብፅ የሚሄደው ወንዝ። ይህን በሁለት ደቂቃ ታልፉታላችሁ።

ከዚያ ሐሙሲት። ወደ ቆራጣ የሚገነጠለው በዚህ በኩል ነው። ወደ ወረታ ስትቀርቡ መሬቱ ይዘረጋል፤ ፎገራ። ድሮ በከብቱ ነበር የሚታወቀው። ዛሬ በሩዝ ነው። ሩዙ የመጣው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ መከራ፣ ለሩዝ ግን ሠርግ ሆነለት። በወረታ የመፈልፈያ ወፍጮዎቹን እዩ፤ መንገድ ከማሳ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚያደርግ የምታዩት እዚያ ነው። ከሁሉም መንገዶቻችን ለገበሬው በደንብ ያገለገለው ይህ ቁራጭ ይመስለኛል፤ ያውም ታስቦበት ሳይሆን ሩዙ ከመንገዱ ዳር ስለበቀለ ነው።

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ወደ ደብረ ታቦር ውጡ። 10 ኪሎ ሜትር ያህል አልፋችሁ አውራ አምባ አለ፤ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ወንዱ እንጀራ የሚጋግርበት ሴቷ በሬ የምትጠምድበት ማኅበረሰብ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል፤ ከኋላችሁ ሜዳውና ሐይቁ እየራቀ ይሄዳል፣ ከፊታችሁ የጉና ተራራ ይመጣል። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ታቦር ትገባላችሁ። አጠገቡ ጋፋት ነው።

ጋፋት ላይ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያሠሯቸው። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ወጣ፤ 7 ቶን የሚጠጋ። መድፉን መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ማንቀሳቀስ ሌላ። ያን የሚሸከም መንገድ በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ መንገድ ሠሪ ሆኑ። በመስከረም 1860 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሱ፤ ገደሉን እየደረመሱ፣ ድንጋዩን እያነሱ፣ እሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸው በመጋቢት ነው። አሳደው የመጡት እንግሊዞች መንገዱን አይተው አደነቁ። በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዘመኑ ትልቅ የሆነ የመንገድ ሥራ በጎንደርና በወሎ ተራራ ላይ ተሠራ። መሐንዲሱ ንጉሡ፣ ጉልበቱ የሠራዊቱ። የተጓዘበት ግን አንድ መድፍ ነው። ያን መንገድ ተከትሎ ገበያ አልቆመም፣ ነጋዴ አልሰፈረም። ለአንድ ሰው ሐሳብ የተሠራ መንገድ ሰውዬው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይና ሄደው ተመለሱና ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ መንገድ እንዲሠሩ ተስማሙ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሥራው ቀጠለ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጋሸናን አያይዞ ወልድያ ወረደ። ይህኛው አልሞተም፤ ምክንያቱም ከተማን ከከተማ ነው ያገናኘው።

*የሰሜኑ መንገድ፦ የወራሪው*

ከወረታ ሳትታጠፉ ቀጥ ብላችሁ ወደ ጎንደር ብትሄዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ እንፍራዝ ትደርሳላችሁ። ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ ጉዛራ ግንብ አለ። ስንቱ አውቶቡስ በሥሩ ያልፋል፤ ስንቱ ቀና ብሎ ያያል? ግንቡ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ ከፋሲል ግንብ በፊት ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ ሜዳው ከነጣናው ተዘርግቷል። ንጉሡ ለምን እዚያ እንደሠሩት ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል፤ በሜዳው የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

በዚህ በኩል ግን የመጣው ጠላት በፈረስ አልነበረም። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የፋሺስቱ አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ ከኤርትራ በኩል ጎንደር ገባ። በሚያዝያ ወደ ጎርጎራ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ጦሩ ጣና ላይ ለመድረስ የቸኮለበት ምክንያት ነበረው፤ ሐይቁን የያዘ የዓባይን ቁልፍ ይዟል ተብሎ ነው።

ኢጣሊያኖች ባሕር ዳርን የአስተዳደር ቦታ አደረጓት፣ በሐይቁ ላይም የሞተር ጀልባ አስገቡ። አምስት ዓመት ነው የቆዩት። ግን ባሕር ዳርን ከመንደርነት የነቀላት የዚያ ጊዜ ነው፤ ጎርጎራና ባሕር ዳር የሐይቁ ሁለት ጫፍ ወደብ ሆኑ። ከነፃነት በኋላ የጎንደር መኪና መንገድ በምሥራቅ በኩል ሲጠናከር ደግሞ ጎርጎራ ቀረች። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሄዶ መመለስ እንጂ ማለፍ የሌለባት ጫፍ ሆነች። የንጉሥ ከተማ የነበረች ቦታ የመንገድ መጨረሻ ሆነች ማለት ነው። በቅርቡ በ«ገበታ ለሀገር» መዝናኛ ተሠርቶላታል። የሐይቁ አዲስ መርከብ «ጣና ነሽ» ሁለተኛዋ እንኳ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ነው የመጣችው። መርከብም በመንገድ ትመጣለች!

*የደቡብ ምዕራቡ መንገድ፦ የግድቡ*

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ ለዓይን የዋህ ነው። ገደል የለው፣ ግንብ የለው። ሜዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ በቆሎ። የዚህ መንገድ ታሪክ ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው።

ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር፤ ሮበርት ቺዝማን ይባላል። በዳንግላ እንግሊዛዊ ነጋዴ የለ፣ ወደብ የለ፤ ቆንስሉ ምን ይሠራል? መልሱ ውሃው ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት እንደማይሠሩ ተጽፎ ነበር። እንግሊዝ ደግሞ ለሱዳን ጥጥ ውሃ ፈልጋ ጣና ላይ ራሷ ልትገድብ ትመኝ ነበር። ቺዝማን በእግር፣ በበቅሎና በታንኳ ሐይቁን ዞሮ፣ ደሴቱን ቆጥሮ፣ ወንዙን ተከትሎ ካርታ አወጣ። መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ ስለ ጣና ዳር መንደሮች የዚያን ዘመን ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ እሱን ያነባል፤ ሰውዬው መልካም ተመልካች ነበር። የላከው መንግሥት ግን ለመልክአ ምድሩ ውበት አልላከውም።

በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ እኛ ሳንጠየቅ በጣና ጉዳይ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም ብልህ ነገር አደረጉ፤ ሐኪም ወርቅነህን አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ ኩባንያ ጋር መነጋገር ጀመሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ መሐንዲሶቹ መጥተው ሐይቁን አጠኑ። በዚያ ጥናት ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ ጣና የሚደርስ የመኪና መንገድም ነበረበት። ወደ ጣና የሚወስደው የመኪና መንገድ በወረቀት ላይ የሰፈረው እንግዲህ ከግድብ ጋር ተያይዞ ነው። ጦርነቱ መጣ፤ ግድቡም መንገዱም በወረቀት ቀሩ።

መራዊ አጠገብ ዛሬ ቆጋ አለ፤ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የተሠራ ግድብ። ከመንገዱ ዳር የመስኖ ቦዮቹንና በበጋ የሚለመልመውን ማሳ ታያላችሁ። ሌላው ዓለም በዚህ ውሃ ለመቶ ዓመት ሲከራከር የጎጃም ገበሬ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ቆጋ ትንሽ ነው፤ ግን ከውሃው መንጭ አጠገብ ያለው ሰው ውሃውን ሲጠጣ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ጊዜ ያለው ከዚህም አልፎ በቲሊሊ በኩል ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይሂድ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያ ቆሞ «የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ» አለ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመት በፊት በ1610 ዓ.ም. ከሱስንዮስ ጋር ሆኖ አይቶታል። የአገሩ ሰው ግን ሁለቱም ከመምጣታቸው በፊት ጠበሉን ይጠጣ ነበር።

*አጭሩ መንገድ፦ የመብራቱ*

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጡ፤ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራው ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። ከዚያ ዓባይ ከከተማው ሲወጣ ይታያል። የ1950ዎቹ ባሕር ዳር እንዴት እንደታሰበች የሚገባውም እዚያ ነው፦ ጀርመኖች ያወጡት ሰፋፊ ጎዳና ያለው ፕላን፣ በኢጣሊያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሶቪየቶች የሠሩት ፖሊቴክኒክ። ንጉሡ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው ነበር ይባላል።

ያ ሁሉ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 12 ሜጋ ዋት አይሞላም፤ ፏፏቴው ብዙም አልተሰማውም። የሕዝቡ ኩራት ሆኖ በኋላ በአንድ ብር ኖት ላይ ወጣ፤ ስንት ጊዜ ቆጥረነዋል! በ1993 ሁለተኛው ማመንጫ ሲጨመር ግን ውሃው ተወሰደ። በ2002 ጣና በለስ ሲመረቅ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ውሃው ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ በዋሻ ወደ በለስ ሄደ። ዛሬ በበጋ ጢስ ዓባይ የሚሄድ ሰው ብሩ ላይ የነበረውን ፏፏቴ ፈልጎ ቀጭን ክር ያያል።

እኔ መብራት አያስፈልግም አልልም። አገር በጨለማ አይለማም። የምለው ይህን ነው፦ የጢስ ዓባይ ወጣት በአስጎብኚነት፣ እናቱ ቡና በማፍላት፣ እህቱ ነጠላ በመሸጥ ይኖሩ ነበር። ውሃው ሲዞር የእነሱ ሒሳብ በማን ወረቀት ላይ ተሠራ? እንግዳ በሚበዛበት ወር ሐይቁ ላይ ካለው የጨረጨራ ግድብ የተወሰነ ውሃ ለፏፏቴው መልቀቅ የሚያቅት ነገር አይደለም።

ከፏፏቴው በታች የአላታ ድልድይ አለ። በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ ነው። ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ የሠራው ግን ከህንድ የመጣ ግንበኛ ነው። ወደ 400 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ገበሬው አህያውን እየነዳ ገበያ ይሻገርበታል። ከመድፉ መንገድ ጋር አነጻጽሩት። ያ በስድስት ወር ተሠርቶ በአንድ ጉዞ አለቀ፤ ይህ በየሣምንቱ ገበያ ስለሚኬድበት አራት መቶ ዓመት ኖረ። መንገድን የሚያኖረው ሠሪው አይደለም፣ ተመላላሹ ነው።

*ታዲያ ምን ይሁን?*

አንደኛ፣ ለመንገዱ ምልክት ይሠራለት። ሐሙሲት ላይ «ቆራጣ» የሚል፣ እንፍራዝ ላይ «ጉዛራ» የሚል፣ ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ «ጋፋት» የሚል፣ ከሁለት መስመር ታሪክ ጋር። ይህ የውጭ ብድር የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። የትምህርት ቤት ልጆች ባሕር ዳር መጥተው ጀልባ ብቻ ተሳፍረው እንዳይመለሱ።

ሁለተኛ፣ አዲስ መንገድ ወይም አዲስ መዝናኛ ሲታቀድ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንግዳው የት ያድራል?» ብቻ አይሁን። «ገበሬው ሩዙን፣ ቡናውን፣ ዓሣውን የት ቆሞ ይሸጣል? መንገዱ የሚያስቀረው መንደር የቱ ነው?» ይባል። ታንኳ ሠሪውን ነገደ ወይጦ እናስታውስ። ሐይቁ መንገድ በነበረ ጊዜ ያለ እነሱ ማንም አይሻገርም ነበር። መንገዱ ወደ የብስ ሲወጣ እነሱ የከተማዋ ጠርዝ ላይ ቀሩ፤ ደንገሉም እየተመናመነ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ድሮ መንገደኛ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ጭቃና ስለ ድንጋይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ያው ጥያቄ ሌላ ትርጉም ይዟል። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ስልክ ይደውላል፤ እናት ልጇ እስኪደርስ አትተኛም። ከላይ የዘረዘርኳቸውን መንገዶች «ሂዱና እዩ» ብዬ በሙሉ አፌ መናገር አልችልም፤ አስፋልቱ ግን አለ። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ከመቅደላ ያገናኙት ሰው እንዲገናኝ አልነበረም፤ ስታራቼም ወደ ጣና የወረደው እንግዳ ሊያመጣ አልነበረም። እነዚህ መንገዶች ለጦር ያገለገሉበት ዘመን ይበቃቸዋል። ቀጣዩ ተጓዥ የወረታ ሩዝ የጫነ፣ ለቆራጣ ንግሥ የሚሄድ፣ ልጆቹን ጉዛራ ላይ አውጥቶ «ያ ጣና ነው» የሚል ሰው መሆን አለበት።

እናንተስ? በጣና ዙሪያ መንገድ ያስቀረው መንደር የምታውቁ፣ አያቶቻችሁ በታንኳ የተሻገሩበትን በር ስሙን የምታስታውሱ፣ ጻፉልኝ። ቆራጣ ብቻዋን አይደለችም።

ሰላም ለመንገደኛ ሁሉ።